የነጋዴውና የጠበቃው ምሥጢር፤ ጥቅሙና ወሰኑ

ንፋስ ስልክ የሚለው ስም በቃሉ ሲተረጐም ያለ ሽቦ በነፋስ ላይ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። በነፋስ የተላከ ቃል ደግሞ መቀበያው ያለው ሰው ሁሉ ሊሰማው የሚችል ቃል ነው። ዛሬ በዚህ ስም በሚጠራው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ሱቅ ከፍቶ ወይም መጋዘን ተከራይቶ የሚሠራው ነጋዴ ክርክር በገጠመው ጊዜ የሚናገረው ቃልም ብዙውን ጊዜ እንደዚሁ በነፋስ የሚበተን ሆኖ ይገኛል። ነገሩን ለደላላው ያጫውታል፤ ለትራንዚተሩ ያስረዳል፤ ለጎረቤት ባለሱቅ ቡና እየጠጣ ይዘረዝራል፤ በስልክ መልእክትም ለዘመድ ወዳጅ ያስተላልፋል። ምሥጢሩን እንዲጠብቅ ሕግ ግዴታ የጣለበትን ሰው፣ ማለትም ጠበቃውን ግን ይፈራዋል፤ ለእርሱ የሚነግረው የነገሩን እኩሌታ ብቻ ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ የተባለው ተረት ለሁሉም ቃል የሚሠራ ቢሆንም፣ ከነጋዴው አፍ ወጥቶ በሕግ ጥበቃ ሥር የሚውለው ቃል ለጠበቃው የተነገረው ቃል መሆኑ ተዘንግቷል።

በዚህ ረገድ በነጋዴው ዘንድ ሁለት ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው ጠበቃውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እውነተኛውን ነገር መሸሸግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የፊተኛው ተቃራኒ ሲሆን፣ በጠበቃ እጅ የገባ ነገር ሁሉ ከማንም እጅ የዳነ መስሎ መዝገብን፣ ደረሰኝንና የባንክ ወረቀትን ወደ ጠበቃ ቢሮ ማሸሽ ነው። ሁለቱም ስሕተቶች የሚፈልቁት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም የጠበቃ ምሥጢር ከየት ተነሥቶ የት ላይ እንደሚያበቃ አለማወቅ ነው። ምሥጢሩ ምክርን የሚጠብቅ እንጂ የንግድ መዝገብን የሚሸሽግ አይደለም። ይህን ልዩነት ነጋዴው ቢያውቀው፣ ሕግ አውጪውም በግልጽ ቢጽፈው፣ ብዙ ክርክር ያጥር፣ ብዙ ገንዘብም ይድን ነበር።

የጠበቃ ምሥጢር በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። የስዊስ የሕግ ሊቅ የነበሩት ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሙያው ምክንያት ያወቀውን ምሥጢር የሚያወጣ ሰው እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። በእርሱ ቦታ የተተካውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 399 ይኸንኑ ግዴታ አጽንቶ ይዟል። ሕጉ ምሥጢር እንዲጠብቁ ያዘዛቸውን ሰዎች ሲዘረዝር የሃይማኖት አገልጋዮችን፣ ጠበቆችንና የሕግ አማካሪዎችን፣ ሐኪሞችን፣ አዋላጆችንና እነርሱን የመሳሰሉ ባለሙያዎችን በአንድ ተርታ አስቀምጧል። ጠበቃው በዚህ ዝርዝር ውስጥ ከነፍስ አባትና ከሐኪም ጎን መቆሙ ለነጋዴው ትልቅ ትምህርት ነው። ለነፍስ አባቱ ኃጢአቱን፣ ለሐኪሙ ሕመሙን የማይሸሽግ ሰው ለጠበቃው ውሉን የሚሸሽግበት ምክንያት የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላልና።

ከወንጀል ሕጉ ሌላ የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሙያ ምሥጢር ጥበቃ ደንግጓል፤ በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በደብዳቤና በስልክ የሚደረገውንም ግንኙነት የማይደፈር አድርጎታል፤ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመከራከር መብት እንዳለውም በአንቀጽ 20 ተጽፏል። የጠበቆችን ሥነ ምግባር የወሰነው ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ የደንበኛውን ምሥጢር እንዲጠብቅ አዝዟል። የጥብቅና አገልግሎት ፈቃድ አሰጣጥና አስተዳደርን አዲስ መልክ ያስያዘው፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን ያቋቋመውና ጠበቆች በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013ም የሙያውን ክብር በሕግ አስከብሯል። በዓለም አቀፍ ደረጃም የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና ተሰብስቦ ያጸደቀው ስለ ጠበቆች ሚና የተነገረ መሠረታዊ መርሕ መንግሥታት በጠበቃና በደንበኛ መካከል የሚደረገውን የሙያ ግንኙነት ምሥጢርነት እንዲያከብሩ ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ጥበቃ የተሰጠው ጠበቃውን ለማክበር ተብሎ አይደለም። ቀድሞ በአደባባይ በበላ ልበልሃ ሲሟገት የነበረው ሰው ነገሩን የሚያስረዳው ሕዝብ በተሰበሰበበት ነበርና፣ የተሟጋቹ ኀይል በአንደበቱ ላይ ነበረ። የዛሬው የንግድ ክርክር ግን የሚወሰነው በውል፣ በደረሰኝ፣ በባንክ ማስረጃና በሕግ አንቀጽ ነው። ክሱ ከመጻፉ በፊት የትኛው ወረቀት እንደሚጠቅም፣ የትኛውም እንደሚጎዳ፣ መክሰስ ወይም መታረቅ የቱ እንደሚሻል የሚመክረው ባለሙያ ሙሉውን ነገር ማወቅ አለበት። ሙሉውን ነገር የሚያውቀው ደግሞ ባለጉዳዩ ሳይፈራ የነገረው እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ምሥጢሩ የባለጉዳዩ ንብረት ነው፤ ጠበቃው ጠባቂው እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት አንድ በሳሪስ የብረታ ብረት መደብር ያለው አስመጪ ይታሰብ። ይህ ሰው ለአንድ የሕንፃ ተቋራጭ ብረት በዱቤ ሸጠ፤ ገዢው ግን ዋጋውን ሳይከፍል ቀረ። ሁለቱ ሲዋዋሉ የፈረሙት ሁለት ወረቀት ነበር፤ አንደኛው እውነተኛው ዋጋ የተጻፈበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት እንዲታይ ዋጋው ዝቅ የተደረገበት ነው። አስመጪው ክስ ሊመሠርት ወደ ጠበቃ ሲሄድ የፊተኛውን ብቻ ይዞ ሄደ፤ የኋለኛውን «ይህ ለጠበቃ የሚነገር አይደለም» ብሎ በሣጥኑ አስቀረ። ጠበቃውም በያዘው ወረቀት ተማምኖ ክሱን ጻፈ። በክርክሩ ቀን ተከሳሹ ሁለተኛውን ወረቀት አቀረበ፤ «የተስማማነው በዚህ ነው፤ ሻጩ የሰጠኝም ደረሰኝ ከዚህ ጋር ይስማማል» ብሎ ተከራከረ። ጠበቃው ስለማያውቀው ወረቀት ምንም ሊመልስ አልቻለም። አስመጪውም የዋጋውን ልዩነት ለማጣት ተቃረበ፤ የጠበቃ አበሉንና የዳኝነቱን ገንዘብ ከሰረ፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ ሊሰውረው የፈለገው ወረቀት በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ገብቶ ለሁሉም የሚታይ ሆነ።

ይህ አስመጪ አስቀድሞ እውነቱን ለጠበቃው ነግሮት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ጠበቃው ሐሰተኛውን ወረቀት ለዳኛ አቅርቦ እንዲከራከርበት ፈቃደኛ አይሆንም፤ ሕጉና ሥነ ምግባሩም ይከለክሉታል። ነገር ግን ግብር ከፋይ ራሱ ያቀረበውን የግብር ማስታወቂያ እንዲታረምለት የሚያመለክትበት የሕግ መንገድ መኖሩን ይነግረዋል፤ ጥፋቱ በሌላ ሰው አፍ ከመገለጡ በፊት ራሱ ሒሳቡን ቢያስተካክል የሚሻለው መሆኑን ያስረዳዋል፤ ከዚያ በኋላም ከገዢው ጋር በእርቅ ወይም በግልግል መጨረስ ይቻል እንደ ሆነ ይመረምራል። አስመጪው ለጠበቃው የሚናገረው የኑዛዜ ቃል በሕግ ጥበቃ ሥር በቆየ፣ ነጋዴውም ከጥፋቱ የሚወጣበትን በር ባገኘ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው የጠበቃ ምሥጢር በትክክል የተሠራበት እንደ ሆነ ሰውን ወደ ሕግ የሚመልስ እንጂ ከሕግ የሚያርቅ አይደለም።

ነገር ግን ጥበቃው ወሰን አለው። ነጋዴው ወሰኑን ሳያውቅ ቢተማመንበት የሚጎዳው ራሱ ስለ ሆነ፣ ዋና ዋናዎቹን አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

አንደኛው ወሰን የባለጉዳዩ ፈቃድ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 400 ምሥጢሩ የሚመለከተው ሰው በግልጽ የፈቀደ እንደ ሆነ ባለሙያው ቢገልጠው እንደማይቀጣ ይናገራል። ስለዚህ ነጋዴው ለጠበቃው በሚሰጠው የውክልና ሥልጣንና በሚፈርመው ውል ላይ ምን እንደ ፈቀደ አንብቦ ማወቅ አለበት። ምሥጢሩን ራሱ በየሰዉ ፊት የዘራው እንደ ሆነም፣ የጠበቃው አፍ መዘጋት ብቻውን አያድነውም። ለደላላ፣ ለትራንዚተር ወይም ለዕቃ አቅራቢ የተላለፈ የጠበቃ ምክር በእነዚያ ሰዎች እጅ የሚገኝ ወረቀት ሆኗል፤ እነርሱም ምስክር ሆነው ሊጠሩ ይችላሉ። የጠበቃን ደብዳቤ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለአሥር ሰው ማስተላለፍ በአደባባይ ከመለጠፍ ብዙም አይለይም።

ሁለተኛው ወሰን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ይኸው አንቀጽ 400 ፍርድ ቤት በግልጽ ያዘዘ እንደ ሆነ ምሥጢሩ ሊገለጥ እንደሚችል ደንግጓል። ይህ ማለት በኢትዮጵያ የጠበቃ ምሥጢር በዳኛ ፊት ፍጹም የማይነካ ግንብ አይደለም ማለት ነው። ጠበቃው በራሱ ፈቃድ መናገር አይችልም፤ በዳኛ ታዝዞ ግን ሊናገር ይችላል። ሕጉ ዳኛው ይህን ትእዛዝ በምን ጊዜ እንዲሰጥ፣ በምንስ ጊዜ እንዳይሰጥ በዝርዝር አለመወሰኑ ግን ከዚህ በታች የሚነሣው ዋና ጉድለት ነው።

ሦስተኛው ወሰን ወንጀልን ይመለከታል። ትናንት የተፈጸመውን ጥፋት ለጠበቃ ነግሮ መከላከያ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ነገ የሚፈጸመውን ማታለል ለማሰናዳት የጠበቃን ዕውቀት መዋስ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1884 በእንግሊዝ አገር የተፈረደው የኮክስና የሬይልተን ጉዳይ ነው። ሁለቱ በንግድ ሸሪኮች ነበሩ። በሬይልተን ላይ የገንዘብ ፍርድ ስለ ተሰጠበት፣ ባለገንዘቡ ንብረቱን በፍርድ እንዳይዘው ለማምለጥ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው ወደ ሕግ ባለሙያ ሄዱና ንብረቱን ወደ ሸሪኩ ማዞር ይቻል እንደ ሆነ ጠየቁት። ባለሙያው ሸርክናው ጸንቶ ሳለ ይህ እንደማይሆን ነገራቸው። እነርሱ ግን ሸርክናው ቀደም ብሎ የፈረሰ ለማስመሰል የኋላ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አዘጋጅተው ንብረቱን አዞሩ። ነገሩ በወንጀል ሲታይ ባለሙያው ስለዚያ ንግግር እንዲመሰክር ተደረገ፤ ዳኞቹም ለማታለል ሲባል የተጠየቀ ምክር ከመጀመሪያውም የሙያ ምሥጢር ሊሆን እንደማይችል፣ ባለሙያው የጠያቂዎቹን ሐሳብ አለማወቁም ይህን እንደማይለውጠው ወሰኑ። ፍርድ ሲመጣበት ሱቁን በዘመዱ ስም፣ መኪናውን በወንድሙ ስም ለማዞር የሚያስብ ሰው በየትኛውም አገር ስለሚገኝ፣ ይህ የድሮ ፍርድ ዛሬም ትምህርትነቱን አላጣም።

አራተኛው ወሰን ሰነድን ይመለከታል። ለጠበቃ የተነገረ ቃልና ለምክር ሲባል የተጻፈ ደብዳቤ አንድ ነገር ነው፤ ከጠበቃው ጋር መነጋገር ከመጀመሩ በፊት በንግዱ ሥራ የተፈጠረ መዝገብ፣ ደረሰኝ፣ ዲክላራሲዮንና የባንክ ሰነድ ሌላ ነው። የሽያጭ ደረሰኝ ጠበቃ እጅ ስለ ገባ ብቻ የጠበቃ ምክር አይሆንም። የሒሳብ መዝገብም ከሱቅ ወጥቶ በጠበቃ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለ ተቆለፈ ጠባዩን አይለውጥም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ሥራ ጠበቃውን ከሙያው ክብር አውርዶ የዕቃ ጠባቂ ያደርገዋል፤ በሌላ ጊዜ እውነተኛውን ምክር ለመከላከል በሚቆምበትም ቀን ቃሉን የማይታመን ያደርግበታል።

አምስተኛው ወሰን ነጋዴውን ከሁሉ ይልቅ የሚነካው የግብር ሕግ ነው። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ሰብሳቢው ባለሥልጣን ከማንኛውም ሰው መረጃና ሰነድ እንዲቀርብለት በጽሑፍ እንዲያዝዝ ሥልጣን ሰጥቶታል። አዋጁ ይህ ሥልጣን ስለ ሙያ ምሥጢር የሚደነግግ ሌላ ሕግ ወይም በውል የተገባ የምሥጢር ግዴታ ቢኖርም እንኳ የሚሠራ መሆኑን ገልጧል። እንግዲህ በወንጀል ሕጉ የተዘጋው በር በግብር ሕጉ በኩል ተከፍቷል ማለት ነው። ነጋዴው ስለ ግብሩ ከጠበቃው ጋር የሚጻጻፈው ደብዳቤ በግብር መርማሪ ዐይን ፊት የቱን ያህል ጥበቃ እንዳለው እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ስድስተኛው ወሰን በድርጅት ውስጥ በደመወዝ የሚሠራውን ነገረ ፈጅ ይመለከታል። በብዙ አገሮች የውጭው ጠበቃና የድርጅቱ ተቀጣሪ የሕግ ባለሙያ እኩል አይታዩም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በአክዞ ኖቤል ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ በውድድር ሕግ ምርመራ ጊዜ ድርጅት ከራሱ ተቀጣሪ ጠበቃ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ የምሥጢር ጥበቃ እንደማያገኝ ወስኗል። ምክንያቱም ተቀጣሪው ከአሠሪው ነጻ አይደለም የሚል ነው። ቡናና አበባ ወደ አውሮፓ የሚልክ የኢትዮጵያ ነጋዴ በዚያ አገር ካሉት ገዢዎቹ ጋር በሚከራከርበት ወይም በሚመረመርበት ጊዜ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

በመጨረሻም ገንዘብን ስለ ማንቀሳቀስ የተወሰነው ወሰን አለ። ሕገ ወጥ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከላከለው ዓለም አቀፉ የገንዘብ ግብረ ኀይል ያወጣው መመዘኛ፣ ጠበቃ ለደንበኛው ቤትና መሬት ሲገዛና ሲሸጥ፣ የደንበኛውን ገንዘብና የባንክ ሒሳብ ሲያስተዳድር ወይም ማኅበር ሲያቋቁም የሚያጠራጥር ነገር ቢያይ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ በፍርድ ቤት ለመሟገት ወይም የሕግ ምክር ለመስጠት ሲል በሙያ ምሥጢር ያወቀውን ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ያደርጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2017 እስከ ጥቅምት 2019 በዚህ ግብረ ኀይል የክትትል ዝርዝር ውስጥ ገብታ እንደ ነበር የውጭ ምንዛሪ ሥራ የሚሠራ ነጋዴ ሁሉ ያስታውሳል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተሟጋቹ ጠበቃ ምሥጢር ጠባቂ ነው፤ ገንዘብ አንቀሳቃሹ ጠበቃ ግን በዚያ ሥራው እንደ ባንክ ይቆጠራል።

እነዚህ ወሰኖች በጠቅላላው ሲታዩ አብዛኞቹ ተገቢ ናቸው። ማታለልን የሚሸፍን፣ መዝገብን የሚሰውር ምሥጢር ሐቀኛውን ነጋዴ ራሱን የሚጎዳ ነው፤ ግብሩን በትክክል የሚከፍለው ባለሱቅ ከማይከፍለው ጎረቤቱ ጋር እኩል ዋጋ አውጥቶ ሊሸጥ አይችልምና። ነገር ግን ሦስት ነገሮች መታረም ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው የማስረጃ ሕግ ጉዳይ ነው። ከ1949 እስከ 1958 ዓ.ም ባለው ጊዜ ታላላቆቹ የወንጀል፣ የፍትሐ ብሔር፣ የንግድና የሥነ ሥርዓት ሕጎች ሲወጡ ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ አብሮ አልወጣም። ስለዚህ ስለ ማስረጃ የተነገሩት ቃላት በየሕጉ ውስጥ ተበታትነው ቀሩ። ከዚህም የተነሣ በንግድ ክርክር ጠበቃን ስለ ደንበኛው ነገር ምስክር አድርጎ መጥራት ይቻል እንደ ሆነ፣ ዳኛውም ምሥጢር እንዲገለጥ ሲያዝዝ ምን መመዘኛ መከተል እንዳለበት አንድ ወጥ መልስ በቀላሉ አይገኝም። ሕግ አውጪው ፍርድ ቤት ይህን ትእዛዝ የሚሰጠው ማስረጃው በሌላ መንገድ ሊገኝ የማይችል በሆነ ጊዜ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ፣ የሚገለጠውንም ነገር በጠባቡ ወስኖ እንዲሆን ቢደነግግ ነጋዴውም፣ ጠበቃውም፣ ዳኛውም ወሰናቸውን ያውቁ ነበር።

ሁለተኛው የግብር አዋጁ ነው። አዋጁ መዝገብንና ምክርን ሊለይ ይገባዋል። ግብር ሰብሳቢው ደረሰኝን፣ መዝገብንና የባንክ ሒሳብን ለማየት ሙሉ ሥልጣን ይኑረው፤ ነጋዴው ግብሩ ስንት እንደሚሆንና ጥፋቱን እንዴት እንደሚያርም ከጠበቃው ጋር የተጻጻፈውን ግን አይንካ። በዚህ ነገር የእንግሊዝ አገር ልምድ ይጠቅማል። በዚያ አገር የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2002 በሞርጋን ግሬንፌል ጉዳይ የግብር መርማሪ የጠበቃን የሕግ ምክር እንዲቀርብለት ማስገደድ እንደማይችል ወስነዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሩደንሻል ጉዳይ ይኸው ጥበቃ የግብር ምክር ለሚሰጡ የሒሳብ ባለሙያዎች እንዳይሰጥ ወስኗል። እንግዲህ ጥበቃው ጠባብ ነው፤ ነገር ግን በጠባብነቱ ውስጥ ጽኑ ነው።

በዚህ ላይ የግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የሚያነሣው መልስ ሊኖር ይችላል፤ ይኸውም ይህን ያህል በር ከተዘጋ ነጋዴው ሁሉንም ወረቀት የጠበቃ ምክር ነው እያለ ይሸሽጋል የሚል ነው። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። መልሱ ግን ጥበቃውን ማጥፋት ሳይሆን ወሰኑን በግልጽ መጻፍ ነው። አከራካሪ ወረቀት ሲገኝ በመርማሪው ወይም በጠበቃው ውሳኔ ሳይሆን ታሽጎ ለዳኛ ቀርቦ፣ ዳኛው ለብቻው አይቶ ምክር ወይም መዝገብ መሆኑን እንዲለይ ማድረግ ይቻላል። ምክር የሚፈራ ነጋዴ ጥፋቱን የሚያርምበትን መንገድ አይጠይቅም፤ ጥፋቱም ተደብቆ ይከማቻል። ስለዚህ ነጋዴው ሳይፈራ ምክር መጠየቁ ለመንግሥት ገቢም ጥቅም አለው።

ሦስተኛው የጠበቃ ቢሮ የሚበረበርበት ሥርዓት ነው። በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የሚገኘው የአንድ ተከሳሽ ፋይል ብቻ አይደለም፤ የብዙ ነጋዴዎች ውልና ክርክር በአንድ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። በፈረንሳይ አገር የጠበቃ ቢሮ ሲበረበር የጠበቆች ማኅበር አለቃ ወይም ወኪሉ በቦታው ተገኝቶ ለጉዳዩ ያልተፈለገ ወረቀት እንዳይነካ ይከታተላል። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር ይኸን የመሰለ ተግባር በሕግ ቢሰጠው ለማኅበሩም ለነጋዴውም መልካም በሆነ ነበር።

ሕጉ እስኪታረም ድረስ ግን ነጋዴው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ጠበቃ ሲይዝ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ፤ የጥብቅና ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። ለጠበቃው የሚጎዳውን ነገር አስቀድሞ ይንገረው፤ የሚጠቅመውን በኋላ ሊናገር ይችላል። ከጠበቃው ጋር ሲነጋገር ደላላና ጎረቤት አያስቀምጥ፤ የጠበቃውንም ደብዳቤ ለሌላ አያስተላልፍ። ከጠበቃ የመጣውን ምክር ከሒሳብ ወረቀት ለይቶ በልዩ ፋይል ያኑር፤ የሒሳብ መዝገቡንም በሥራ ቦታው ያስቀምጥ። ጠበቃው ሐሰተኛ ሰነድ እንዲያቀርብ አይጠይቀው፤ እሺ የሚለውንም ጠበቃ ይሽሸው፤ ዛሬ ለእርሱ ብሎ ዳኛን የሚያታልል ሰው ነገ እርሱን ከማታለል የሚያግደው ነገር የለምና። ጠበቃውም በበኩሉ ምሥጢሩ የት ላይ እንደሚያበቃ በመጀመሪያው ቀን ለደንበኛው ሊነግረው ይገባል፤ በጸሐፊውና በረዳቱ አንደበት ላይም ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የንግድ ሥራ ያለ እምነት አይቆምም። ባለሱቁ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው፣ ባንኩ ገንዘብ የሚያበድረው፣ የውጭው ላኪ ዕቃውን በመርከብ የሚጭነው በእምነት ነው። ከእነዚህ እምነቶች ሁሉ ሕግ በቅጣት ጭምር የጠበቀው አንዱ በጠበቃና በደንበኛው መካከል ያለው እምነት ነው። ነጋዴው መዝገቡን በሐቅ ገልጦ ከያዘ፣ ምክሩ እንዲከበርለት ሕግ አውጪውን በሙሉ አፉ ሊጠይቅ ይችላል፤ መዝገቡን የሸሸገ ነጋዴ ግን ይህን ጥያቄ የሚያቀርብበት ፊት አይኖረውም።